ከሠራዊቱ ተሰናብታችሁ ጅማ ላይ ቤት ለምትገዙ

ውድ ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከመከላከያ ሠራዊት በክብር ተሰናብታችሁ፣ ያጠራቀማችሁትን ገንዘብ ይዛችሁ ጅማ ላይ የመጀመሪያ ቤታችሁን ለመግዛት ለተነሣችሁ ወጣቶች ነው። እኔም በወጣትነቴ ወታደር ነበርሁ። በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩት ተመላሾች አንዱ ሆኜ አንድ ብርድ ልብስ ብቻ ይዤ ወደዚህ ከተማ መጣሁ። በግንባታ ቦታ በቀን ሠራተኝነት ጀምሬ፣ በማታ ተምሬ መሐንዲስ ሆንሁ፤ የሥራ ዘመኔንም አብዛኛውን ያሳለፍሁት ለባንክ ብድር በመያዣነት የሚቀርቡ ቤቶችን በመገመት ነው። የራሴን ቤት የገዛሁት ከሠራዊቱ በወጣሁ በአሥራ ስድስተኛው ዓመት ነበር።

በእነዚያ ዓመታት ወታደር የነበሩ ብዙ ገዢዎች አጋጥመውኛል። ከተጎዱት መካከል ገንዘብ አንሷቸው የተጎዱት ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹን የጎዳቸው በግዳጅ ላይ ሳሉ ሕይወታቸውን ያተረፈላቸው ጠባይ ነው። ምሽግ ውስጥ የጓዳችሁን ቃል አምናችሁ ትተኛላችሁ፤ ትእዛዝ ሲመጣም ሳታመነቱ ትነሣላችሁ። ይህንኑ ጠባይ ይዛችሁ ወደ ቤት ገበያ ስትገቡ፣ «ዛሬ ካልወሰንህ ነገ ሌላ ሰው ይወስደዋል» የሚላችሁን ደላላ እንደ አዛዥ ትሰሙታላችሁ፣ ቡና ያፈላላችሁን ሻጭ ደግሞ እንደ ጓድ ታምኑታላችሁ።

አንድ የመቶ አለቃ ከአቢዬ የሰላም ማስከበር ግዳጅ ሲመለስ ያጠራቀመውን አበል በሙሉ አውጥቶ ቤት ገዛ። ደላላው «አሹራው፣ የስም ማዛወሪያው ቀረጥ ማለት ነው፣ ብዙ ነው፤ ለጊዜው ሻጩ ውክልና ይስጥህ፣ ቀስ ብለህ ስሙን ታዛውረዋለህ» አለው። ሻጩ ጨዋ ሽማግሌ ነበሩ፤ ውክልናውን በደስታ ሰጡት፤ እሱም ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጥቶ ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሽማግሌው ዐረፉ። የመቶ አለቃው ካርታውን በፌስታል ጠቅልሎ ወደ ቢሮዬ የመጣ ዕለት፣ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ በሁለት እጁ እያስተካከለ «ጋሼ፣ ይኸው ካርታው እጄ ላይ ነው እኮ» ያለኝን አልረሳውም። ካርታው እጁ ላይ ነበር፤ በካርታው ላይ ያለው ስም ግን የሟቹ ነበር። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ውክልና በወካዩ ሞት ይቋረጣል። ወራሾቹ አራት ነበሩ፤ አንዷ አረብ አገር ነበረች። ነገሩ በፍርድ ቤት ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ በመጨረሻ ለወራሾቹ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ በሽምግልና ታረቀ፤ የከፈለውም ሊያተርፈው ካሰበው አሹራ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምለምናችሁ፣ በውክልና ቤት አትግዙ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሊደረግና ውል ለማረጋገጥ ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት ሊፈጸም ይገባዋል፤ ከዚያም ስሙ ወደ እናንተ መዛወር አለበት። የቴምብር ቀረጡን፣ የስም ማዛወሪያውንና ሻጩ የሚከፍለውን ታክስ ማን እንደሚሸፍን ዋጋ ስትነጋገሩ ገና አንሡት፤ ውሉም ላይ ይጻፍ። በእኛ አገር ልማድ ሁሉም ነገር መጨረሻ ላይ በገዢው ጫንቃ ላይ ስለሚወድቅ፣ ይህን ወጪ ከመጀመሪያው ያልያዘ ሰው ነው ወደ ውክልና የሚገፋው።

የምትገዙት ነገር ምን እንደሆነም በትክክል ማወቅ አለባችሁ። የከተማ ቦታ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ በኢትዮጵያ መሬት አይሸጥም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጽንቶታል። የምትገዙት ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው። ይዞታው ነባር (ከሊዝ ሥርዓት ውጪ ቀድሞ የተያዘ) ነው ወይስ የሊዝ (ከመንግሥት በክፍያ ለተወሰነ ዘመን የተያዘ)? የሊዝ ከሆነ ለመኖሪያ የሚሰጠው ዘመን 99 ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ ስንቱ እንዳለፈና ከሊዝ ክፍያው ምን ያህል እንደቀረ ጠይቁ፤ ያልተከፈለው ቀሪ ተከትሏችሁ ይመጣልና። ከከተማው ዳር ከገበሬ ላይ በሦስት ምስክር ወረቀት የሚሸጠውን ቦታ ግን ዋጋው ቢያጓጓም ተዉት። በዚህ መንገድ ገዝተው ጨረቃ ቤት የሠሩ፣ በኋላም ቆርቆሯቸውን ራሳቸው የነቀሉ የቀድሞ ወታደሮችን አውቃለሁ፤ አንዱ በጦርነት እግሩን ያጣ ሰው ነበር፤ የገዛ ልጁ ቆርቆሮውን ሲያወርድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ምስማሩን ይለቅም ነበር።

ከሌላ ክልል መጥታችሁ እዚህ የምትኖሩ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋችኋል። የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ ካርታውም ሆነ የማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ የሚጻፈው በዚሁ ቋንቋ ነው። ቋንቋውን ማንበብ የማትችሉ ከሆነ፣ ሰነዱን የሚያነብላችሁ ሰው ደላላው ወይም የሻጩ ዘመድ አይሁን። በካርታው ላይ ያለውን የካሬ ሜትር ስፋት ራሳችሁ በሜትር ለክታችሁ አስተያዩት፤ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጸውን ማስረጃም ሻጩ ካቀረበው ኮፒ ላይ ሳይሆን ከመሥሪያ ቤቱ በአካል ተገኝታችሁ አረጋግጡ።

ስለ ባንክ ብድር፣ ከሙያዬ የማውቀውን ልንገራችሁ። ባንክ የሚያበድረው ሻጩ በጠራው ዋጋ ሳይሆን ገማቹ ባወጣው ግምት ላይ ተመሥርቶ ነው። ገማቹ የወለሉን ስፋት፣ የግድግዳውንና የጣሪያውን ዓይነት፣ የቤቱን ዕድሜና የቦታውን ደረጃ ይይዛል፤ ውጤቱም ብዙ ጊዜ ከገበያው ዋጋ ዝቅ ይላል። ልዩነቱን የምትሸፍኑት ከኪሳችሁ ነው። የጡረታ አበል ደግሞ በሕግ የተጠበቀና ለሌላ ሰው የማይተላለፍ ገቢ በመሆኑ ለእናንተ ትልቅ ዋስትና ቢሆንም፣ አበዳሪው እንደ ደመወዝ በቀላሉ አይቀበለውም፤ ዳረጎት (አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ገንዘብ) ብቻ ተቀብላችሁ ከወጣችሁ ደግሞ ወርሐዊ ገቢያችሁን በሌላ ሥራ ማሳየት ይኖርባችኋል። በዚህ ምክንያት ብድሩ ሳይፈቀድ ቀብድ አትስጡ። መስጠት ግድ ከሆነም «ባንኩ ብድሩን ካልፈቀደ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ቃል በውሉ ይግባ፤ እንዲህ ያለ ስምምነት ከሌለ ውሉን የተወ ገዢ ቀብዱን ያጣል፤ ውሉን የተወ ሻጭም እጥፉን ይመልሳል። ከእጃችሁ ያለውንም ገንዘብ በሙሉ በቤቱ ላይ አታውሉት፤ ከገባችሁ በኋላ ጣሪያ ይፈሳል፣ ልጅ ይታመማል።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ ስለዚህ በጥር የወደዳችሁትን ቤት በሐምሌም እዩት። በአዌቱ ወንዝ ዳርና ወደ ቦዬ ረግረግ በሚወስደው ዝቅተኛ ቦታ ያለ ግቢ በበጋ ደረቅና ሰፊ መስሎ፣ በክረምት ውኃ ይተኛበታል። ጎረቤት ያሉትን እናቶች ጠይቁ፤ ውኃው እስከ የት እንደሚደርስ ግድግዳው ላይ በእጃቸው ያሳዩአችኋል። በከተማው ብዙ ቦታ ያለው ዋልካ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ጥልቀት ከሌለው ቤቱን አብሮ ያነሣዋል፣ ያወርደዋልም። ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ላይ የሚሄድ፣ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ካያችሁ አትግዙ። አዲስ ቀለም በተቀባ ቤት ውስጥ ደግሞ ቁም ሣጥኑን አስነሥታችሁ ከጀርባው ተመልከቱ። ጭቃ ቤት ከሆነ የቋሚዎቹን እግር ፈትሹ። አንድ ጊዜ ውጪው በሲሚንቶ ተለስኖ እጅግ ባማረ ቤት፣ ከጓሮ በኩል ባለው ማዕዘን ልስኑን ትንሽ ፈቅፍቄ ምስማር በአውራ ጣቴ ብገፋው፣ ያለ መዶሻ እስከ ራሱ ገባ። ቋሚው ከመሬት እስከ ጉልበት በስብሶ፣ ቤቱን ያቆመው ልስኑ ነበር። በጦርነት የአካል ጉዳት የደረሰባችሁ ደግሞ ወደ ጅሬን በሚወጣው ተዳፋት ላይ ያለ ቤት እይታው ቢማርካችሁም፣ በዝናብ ቀን በክራንችም ሆነ በተሽከርካሪ ወንበር እስከ በሩ ደርሳችሁ ሞክሩት።

ባለትዳር ሻጭ ካጋጠማችሁ የሁለቱም ፊርማ በውሉ ላይ ይኑር፤ የቤተሰብ ሕጉ የባልና የሚስት የጋራ ቤት በአንዱ ፈቃድ ብቻ እንዲሸጥ አይፈቅድም። የእናንተንም ቤት ከባለቤታችሁ ጋር በጋራ አስመዝግቡ። እናንተ ግዳጅ ላይ ሳላችሁ የላካችሁትን ብር እየቆጠበች፣ ዕቁብ እየጣለች፣ ልጅ እያሳደገች የቆየችው እሷ ናት። ያ የመቶ አለቃ አዲሱ ካርታ በወጣ ዕለት ከነባለቤቱ መጥቶ ነበር፤ እሱ ስለ ክሱ ሲያወራ፣ እሷ ስሟ የተጻፈበትን መስመር በጣቷ ይዛ ደጋግማ ታነብ ነበር።

የማትችኮሉበት ጊዜ እንዲኖራችሁ፣ እንደተሰናበታችሁ መጀመሪያ ቢያንስ አንድ ዓመት ተከራይታችሁ ኑሩ። ኪራይ ገንዘብ ማባከን ነው የሚላችሁ ሰው ይኖራል፤ እኔ ግን ያንን ገንዘብ የሰፈሩን ውኃ፣ መብራት፣ መንገድና ጎረቤት ለማወቅ የተከፈለ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። በዚያው ዓመት የነዋሪነት መታወቂያችሁን አውጡ፣ ዕድር ግቡ፣ በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ለመደራጀት ዕድል መኖሩንም ጠይቁ፤ አብረዋችሁ ያገለገሉ ሰዎች ከሆኑ ማኅበሩ መተማመን አያጣም፣ ሒሳቡ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሦስት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀስ።

የርክክቡ ቀን ሲደርስ የመብራትና የውኃ ቆጣሪውን ንባብ ከሻጩ ጋር ሆናችሁ ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙበት። ያልተከፈለ ውዝፍ ካለ ከቀሪው ክፍያ ላይ ይቀነስ፤ ለዚህም ሲባል ስሙ እስኪዛወር ድረስ የተወሰነ ቀሪ ክፍያ በእጃችሁ እንዲቆይ በውሉ ላይ አስቀድማችሁ አስጽፉ።