ላይብረሪያኗን ጠይቃችኋታል?

ሰሞኑን እዚሁ ሀዋሳ የሚያስተምር አንድ ወጣት ደወለልኝ። «ጋሼ፣ የትምህርት ቤታችንን ላይብረሪ ዌብሳይት ልንሠራለት ነው። በዎርድፕረስ ይሻላል ወይስ ከዜሮ ኮድ እንጻፍለት?» አለኝ። ዎርድፕረስ ዌብሳይት የሚሠራበት ዝግጁ ሶፍትዌር ነው፤ ጥያቄውም ቀላል ነው። እኔ ግን ቶሎ መመለስ አቃተኝ፤ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት አስተምርበት የነበረ ትምህርት ቤት ነው። ስሙ ይቅር። የላይብረሪው ኃላፊ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው ሴት ነበሩ። ኮምፒውተር ብዙም አይነኩም። መጽሐፎቻቸውን ግን ከነቦታቸው ያውቋቸዋል። አንድ ትልቅ ሰማያዊ መዝገብ ነበራቸው፤ ዓምዶቹን በማስመሪያ ራሳቸው ያሰመሩት። ተራ ቁጥር፣ ርዕስ፣ ደራሲ፣ የተዋሰው ልጅ ስምና ክፍል። መጽሐፉ ሲመለስ ስሙን በቀይ እስክርቢቶ ይሰርዙታል። ክሊራንስ ላይ የሚፈርሙት እሳቸው ስለሆኑ ሰኔ ሲደርስ የማይፈራቸው ተማሪ አልነበረም። አንድ ጊዜ የዳይሬክተሩ ልጅ መጽሐፍ አልመለሰም ብለው አልፈርምም አሉ። ዳይሬክተሩ ራሱ መጥቶ ከፈለ። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?

ታዲያ ወላጆች ገንዘብ አዋጡና ዌብሳይት ይሠራ ተባለ። ኮድ የሚጽፍ ልጅ ተገኘ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ልወቅሰው አልፈልግም። ሁሉን ነገር በእጁ ጻፈው። እትዬ ከሰዓት ከሰዓት መዝገቡን ይዘው ይቀመጣሉ፤ እሳቸው ያነባሉ፣ ልጁ ይመታል። የምረቃው ቀን ዳቦ ተቆረሰ፣ ቡና ተፈላ፣ ፕሮጀክተር ተተከለ። ገጹ ሲከፈት ፎቶዎች ይንሸራተታሉ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። እትዬ ከኋላ እጃቸውን አወጡ። «አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ እኔ ራሴ ማስገባት እችላለሁ?»

ልጁም «ችግር የለም፣ ዝርዝሩን ይላኩልኝ፣ እኔ አስገባዋለሁ» አለ። ስብሰባው ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ። ጥያቄያቸውን የደገመላቸው ሰው አልነበረም።

ልጁ አዲስ አበባ ሥራ አገኘ። መጽሐፍ በካርቶን መጣ፤ ዝርዝሩም ተላከለት፤ ሥራ በዝቶበት ይሁን ረስቶት፣ ዌብሳይቱ ላይ ምንም አልተጨመረም። ቆይቶ ስልኩም አልሠራ አለ። ዶሜይኑ፣ ማለትም የዌብሳይቱ አድራሻ፣ የተመዘገበው በልጁ የግል ኢሜይል ነበር፤ ፓስወርዱንም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። የእድሳት ማስታወቂያ ሲመጣ የሚደርሰው እሱ ዘንድ ነው። ሳይከፈል ቀረና ገጹ ተዘጋ። የእትዬ የከሰዓት በኋላ ልፋት ሁሉ አብሮ ሄደ።

ጸሐፊዋ ቀደም ብላ የተየበችው አንድ ዝርዝር በፍላሽ ተገኘ ተብሎ ደስ አለን። ከፈትነው። የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ! የተጻፈው በድሮ የግዕዝ ፎንት ነበር። እነዚያ ፎንቶች የእኛን ፊደል በላቲኑ ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የሚወጣው እንቶ ፈንቶ ነው። ግዕዝ እኮ እንደ ፈረንጆቹ በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ የኮምፒውተር ስምምነት ነው። መሥሪያ ቤቶቻችን ግን ከዚያም በኋላ በድሮው ሲጽፉ ኖረዋል። ዛሬም ቢሆን ኮምፒውተራችሁ የሚጽፈው በዩኒኮድ መሆኑን ሳታረጋግጡ አንድ መስመር አትተይቡ።

እትዬ ምንም አላሉም። ሰማያዊውን መዝገብ አውጥተው ካቆሙበት ቀጠሉ።

ስለዚህ ለደወለልኝ ወጣት የመለስኩለት ይህንን ነው። ጉግል ሳይትስ ውሰዱ። ነፃ ነው፣ ኮድ አይፈልግም፣ ጽሑፍና ፎቶ እየጎተታችሁ ታስቀምጣላችሁ። የመጽሐፍ ዝርዝሩን የጉግል ሠንጠረዥ በሆነው ጉግል ሺትስ ላይ አድርጉትና ከገጹ ጋር አያይዙት። ላይብረሪያኗ አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ አንድ ረድፍ ትጨምራለች፣ ገጹ ላይ ይታያል። በቃ። ማን እንደተዋሰ የሚመዘገብበት ሺት ግን ለብቻው ይሁን፤ የልጆችን ስም አደባባይ አታውጡ።

ዎርድፕረስ መጥፎ ነው አላልኩም። በራሳችሁ ሆስቲንግ (ለዌብሳይት በተከራያችሁት ቦታ) ስትጭኑት ግን ፕለጊን የሚባሉትን ተጨማሪ ፕሮግራሞች ሳይቀር ሁልጊዜ ማደስ አለባችሁ፤ ችላ ካላችሁት ሰርጎ ገብ መጫወቻ ያደርገዋል። ኮሃ የሚባለውም አለ፤ እንደ ፈረንጆቹ በ2000 ኒውዚላንድ ውስጥ ሥራ የጀመረ የላይብረሪ ሶፍትዌር ነው። ነፃም ጠንካራም ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ እመክረዋለሁ። ሰርቨር (ሶፍትዌሩ የሚሠራበት ዋና ኮምፒውተር) እና እሱን የሚጠብቅ ባለሙያ ለሌለው ትምህርት ቤት ግን ዕዳ ነው።

የዛሬ ልጆች ስትባሉ መጀመሪያ የምትጨነቁት ለከለሩ ነው። ጥቁር ዳራ ይሁን፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ይኑረው ትላላችሁ። ተማሪው የሚከፍተው ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ እየበላ፣ በምታልቅ ዳታ፣ በተሰነጠቀ ስልክ ነው። ፎቶውን አሳንሱት።

ይልቅ ማንም የማያስበው ጣጣ ፍለጋው ላይ ነው። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ያስገባል፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ይፈልጋል፤ ኮምፒውተሩ የለም ይላል። መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ! እኔ ሀ እና ሐን፣ ሰ እና ሠን ለይቶ በመጻፍ የምምል ሰው ነኝ፤ ግን ለፍለጋ ሲባል ርዕሱን በአንድ ዓይነት ፊደል ብቻ የሚጽፍ ተጨማሪ ዓምድ አድርጉ። ተማሪውም የሚፈልገው በዚያው አጻጻፍ መሆኑን ገጹ ላይ ንገሩት። ደራሲም ሲገባ ፈረንጅ የሠራው ቅጽ የቤተሰብ ስም ይቅደም ይላችኋል። እንዳትሰሙት። የእኛ ሰው በራሱ ስም ነው የሚፈለገው፤ በአባቱ ስም ከደረደራችሁት አያገኘውም። የመደርደሪያ ቁጥርም አይቅር። ዴዊ በሚባለው፣ መጻሕፍትን በርዕሰ ጉዳይ በቁጥር በሚከፍለው አመዳደብ፣ ሳይንስ 500ዎቹ፣ ታሪክና ጂኦግራፊ 900ዎቹ ውስጥ ናቸው፤ ተማሪው በስልኩ አይቶ ቀጥ ብሎ ወደ መደርደሪያው ይሂድ።

ኮድ አትማሩ ማለቴ ደግሞ አይደለም። ተማሩ! የሚመቻችሁን ሁሉ ሥሩ። ብቻ መለማመጃችሁ የእትዬ ላይብረሪ አይሁን።

የጉግል አካውንቱን በትምህርት ቤቱ ስም ክፈቱ። መልሶ ማግኛ ስልኩም የቢሮው ይሁን። ፓስወርዱ በፖስታ ታሽጎ ካዝና ይግባ፤ ላይብረሪያኗም ትወቀው። ጉግል ለ2 ዓመት ያልተነካ አካውንት ሊሰርዝ ስለሚችል ክረምትም ቢሆን አልፎ አልፎ ግቡበት። ዝርዝሩን በየሴሚስተሩ ፍላሽ ላይ አውርዱ፣ ወረቀት ላይም አትሙት።

ለዌብሳይት ተብሎ የተዋጣ ገንዘብ ካለ ደግሞ፣ መሣሪያው ነፃ ስለሆነ፣ ለላይብረሪያኗ ደህና ስልክ ግዙበት። የቀረው ለዳታዋ ይሁን።