የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት የከተማን ብክለት ይቀንሳል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፤ በርካታ የአውሮፓ ከተሞች እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ድረስ ከአየር ንብረት አንጻር ገለልተኛ ለመሆን፣ ማለትም ወደ አየር የሚለቁት በካይ ጋዝ ከሚወገደው እንዳይበልጥ ለማድረግ ማቀዳቸውን፣ ለፖሊሲ አውጪዎቻቸውም ማኅበራዊ ፈጠራን የሚያግዙ የዲዛይን መሣሪያዎች (ችግርን በካርታና በሙከራ የማጥኛ ዘዴዎች) እንደተዘጋጁላቸው አንብቤአለሁ። ብክለትን የሚቀንሱት ቴክኖሎጂና ገንዘብ ይመስሉኝ ነበር። የመምሪያ ኃላፊዎች ተሰብስበው ግድግዳ ላይ ባለቀለም ወረቀት መለጠፋቸው ምን ይፈይዳል?

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። ወረቀቱ ብቻውን አንዲት ኪሎ ካርቦን አይቀንስም፤ አንዳንድ አማካሪዎች ቅር ቢላቸውም ይህን ደፍሮ መናገር ያስፈልጋል። የመሣሪያዎቹ ጥቅም የሚታየው ከተሞቹ የገቡት ቃል ምን ያህል ከአቅማቸው በላይ እንደሆነ ሲታሰብ ነው።

የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 ለዚህ ግብ ካመለከቱት 377 ከተሞች መካከል ከአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች 100፣ ከተባባሪ አገሮች ደግሞ 12 ከተሞችን መርጧል። እያንዳንዳቸው የሚያዘጋጁት የከተማ የአየር ንብረት ውል የተግባር ዕቅድና የኢንቨስትመንት ዕቅድ ይይዛል። ይሁን እንጂ ማዘጋጃ ቤት በቀጥታ የሚያዝዘው የራሱን ሕንፃዎች፣ የመንገድ መብራቱንና የሕዝብ አውቶቡሱን ነው። ቀሪውን ብክለት የሚወስኑት ቤቱን የሚያሞቀው ነዋሪ፣ አከራዩ፣ ነጋዴውና አሽከርካሪው ናቸው። እነዚህን ማዘዝ ስለማይቻል፣ ሰዎች ተደራጅተው ችግሩን በአዲስ አሠራር የሚፈቱበትን መንገድ መክፈት ግድ ይሆናል፤ ማኅበራዊ ፈጠራ የሚባለውም ይኸው ነው። ቤልጅየም ውስጥ በ1991 የተቋቋመው ኢኮፓወር የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር ለዚህ ጥሩ አብነት ነው፤ አባላቱ ገንዘባቸውን አዋጥተው ከታዳሽ ምንጭ የሚመነጨውን ኤሌክትሪክ ራሳቸው ይጠቀማሉ።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንምጣና አንዱን በቅርበት እንየው። አስተዳደሩ የቆዩ አፓርታማዎች ሙቀት እንዳያባክኑ ግድግዳቸውንና ጣሪያቸውን ለማልበስ የሚውል ድጎማ መደበ፤ አመልካች ግን ጠፋ እንበል። በተለመደው አሠራር ማስታወቂያ ይበዛል፣ ወይም ድጎማው ከፍ ይላል። የጉዞ ካርታ የሚባለውን መሣሪያ የሚጠቀም ቡድን ግን አንዲት የቤት ባለቤት ስለ ድጎማው ከሰማችበት ቀን አንሥቶ ሥራው እስኪጠናቀቅ ያለፈችበትን መንገድ አብሯት ይከተላል፤ ማንን እንዳነጋገረች፣ የትኛውን ሰነድ እንደተጠየቀች፣ የቱ ላይ ተስፋ እንደቆረጠች ይመዘግባል። ያን ጊዜ ለምሳሌ ድጎማው የሚከፈለው ሥራው ካለቀ በኋላ በመሆኑ መነሻ ገንዘብ የሌላት ባለቤት ልትጀምር እንደማትችል፣ የባለቤቶች ጉባኤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚቀመጥ አንድ ድምፅ ሲጎድል ጉዳዩ ለከርሞ እንደሚተላለፍ፣ ወጪውን አከራዩ እየሸፈነ የማሞቂያ ሒሳብ የሚቀንሰው ግን ለተከራዩ መሆኑ ፍንትው ብሎ ይወጣል። የድጎማውን መጠን እጥፍ ማድረግ ከእነዚህ እንቅፋቶች አብዛኞቹን አይነካም። መሸጋገሪያ ብድር፣ ለብዙ ሕንፃዎች አንድ ላይ የሚፈረም የሥራ ውል፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ባለቤቶቹን የሚያግዝ አማካሪ ግን ይነኳቸዋል።

ሌላው መሣሪያ ከመደንገግ በፊት መሞከር ነው። ስቶክሆልም ወደ መሀል ከተማ በሚገቡና በሚወጡ መኪኖች ላይ የጣለችውን ክፍያ መጀመሪያ የሞከረችው ከጃንዋሪ እስከ ጁላይ 2006 ባሉት ሰባት ወራት ነበር። ቀድሞ አብዛኛው ነዋሪ ይቃወመው ነበር፤ ክፍያው የሚጠየቅበትን መስመር የሚያቋርጠው ተሽከርካሪ በ20 በመቶ ገደማ ቀንሶ መንገዱ ሲተነፍስ ግን የብዙዎች አቋም ተለወጠ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ የከተማዋ መራጮች በጠባብ ልዩነት ደገፉት፣ ከኦገስት 2007 ጀምሮም ቋሚ ሆነ። የራሳቸውን ሕዝበ ውሳኔ ባካሄዱት በዙሪያዋ ያሉ ማዘጋጃ ቤቶች ግን አብላጫው ድምፅ ተቃውሞ ነበር። ጉዳዩ የሚነካቸውን ሁሉ የሚዘረዝረው የባለድርሻ አካላት ካርታ ሲሠራ ከአስተዳደር ወሰን ውጭ የሚኖረው፣ ነገር ግን ዕለት ዕለት የሚመላለሰው ሰው መካተት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው፤ በእኛ ግምት ከሁሉም መሣሪያዎች በጥድፊያና በግዴለሽነት የሚሠራው ይህ ካርታ ነው።

ጥያቄ፦ በሙያዬ ምክንያት ነዋሪዎችና ባለሥልጣናት አብረው መፍትሔ በሚነድፉባቸው እንዲህ ባሉ የጋራ ንድፍ ስብሰባዎች ላይ እጋበዛለሁ። ሐሳባችን ይሰበሰባል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ከዚያ ወሬውም አይሰማ። ተሳትፎው ለይስሙላ አለመሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ሐሳቡ በማን ጠረጴዛ ላይ እንደሚያርፍ ከመግባትዎ በፊት ይጠይቁ። የጣሊያኗ ቦሎኛ በ2014 ባወጣችው ደንብ ነዋሪዎች የጋራ ቦታዎችን ለመንከባከብ ከከተማዋ ጋር የትብብር ውል መፈራረም ጀመሩ፤ በውሉ ማን ምን እንደሚሠራና አስተዳደሩ ምን ድጋፍ እንደሚያደርግ ተጽፎ ይቀመጣል። ሚላኖ ከ2018 ወዲህ አደባባዮችን መጀመሪያ በቀለም፣ በአግዳሚ ወንበርና በተክል ማስቀመጫ ለጊዜው ለእግረኛ ከፍታ፣ አገልግሎታቸውን ካየች በኋላ በቋሚነት የምትገነባበት አሠራርም ለነዋሪው ያቀረበው ሐሳብ የት እንደደረሰ በዓይኑ ያሳየዋል።

ስብሰባውን የጠራው ክፍል በጀት የሚያዝዝ ወይም ደንብ የሚያሻሽል ኃላፊ ከሌለው፣ አዘጋጆቹ ቅን ቢሆኑም ውጤቱ ሪፖርት ሆኖ ይቀራል። በዴንማርክ መንግሥት ውስጥ በ2002 የተቋቋመው ማይንድላብ የተባለ የፈጠራ ክፍል በመስኩ በዓለም ደረጃ ስም ያተረፈ ነበር፤ የመንግሥት ትኩረት ወደ ሌላ ሲዞር ግን በ2018 ተዘጋ። ስለዚህ በሚቀጥለው ግብዣ ላይ የውሳኔውን ቀንና የሚወስነውን ሰው ስም በጽሑፍ እንዲሰጡዎት ቢጠይቁ አያፍሩ፤ መልሱ «ወደፊት ይገለጻል» ከሆነ፣ ጊዜዎን ለሌላ ሥራ ቢያውሉት የሚወቅስዎት አይኖርም።