ፍላሹ ነው ወይስ ዘፈኑ?

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? እኔ ለገጣፎ ነው የምኖረው፣ ከጣፎ መገናኛ የምትሰራ አንድ ሚኒባስ አለች፣ ሹፌሩ የድሮ ሬጌ ካልሆነ አይከፍትም። ትላንት አምስት ዘፈን በተከታታይ ሄደ፣ ዘፋኞቹ ይለያያሉ እንጂ ሙዚቃው አንድ ነው!! ረዳቱን ፍላሹ ተበላሽቶ ነው እንዴ ስለው ሳቀብኝ። ሹፌሩ "ስሌንግ ቴንግ ነው" አለኝ፣ ሌላ ነገር የለም። ተሰራርቀው ነው?

መልስ፦ ፍላሹ ጤነኛ ነው ወንድሜ። ጃማይካዎች ከስር ያለውን ሙዚቃ ሪዲም ነው የሚሉት፣ አንድ ሪዲም ከተወደደ ድምፅ አለኝ የሚል ሁሉ የራሱን ግጥምና ዜማ ይዞ ይመጣና ይዘፍንበታል፣ ሰርግ ላይ ጭብጨባውና ተቀባዩ ያው ሆኖ አውጪው ሲቀያየር አይተህ የለ፣ እንደዛ አስበው።

ስሌንግ ቴንግ የሚባለው ሪዲም ግን ለብቻው ነው። ነገርየው የመጣው ካሲዮ ኤምቲ-40 ከምትባል እቅፍ ውስጥ የምትገባ ኪቦርድ ነው፣ ከበሮውም ቤዙም ውስጧ ተሞልቶ ነው የምትሸጠው። "ሮክ" የሚለውን ምት ያቀናበረችው ኦኩዳ ሂሮኮ የምትባል ጃፓናዊት ናት፣ ካሲዮ ገና በፈረንጆቹ 1980 መቀጠሯ ነው፣ የዩኒቨርሲቲ መመረቂያዋን የሰራችው ደሞ በምን መሰለህ፣ በሬጌ! (ይሄን ስሰማ ክው ነው ያልኩት።) ኪንግስተን ላይ ዘፋኙ ዌይን ስሚዝና ሙዚቀኛው ኖኤል ዴቪ ኪቦርዷን ሲነካኩ ያቺን ምት አገኟት፣ ዋተርሃውስ ሰፈር ፕሮዲዩሰሩ ፕሪንስ ጃሚ ጋ ይዘዋት ሄዱ፣ እዛ ፍጥነቷ ቀነስ ተደረገና 1985 ላይ ወጣች፣ በኛ 1977 መሆኑ ነው። ከዛ በኋላማ ማን ይያዘው፣ ድሮ ለአንድ ሪዲም ከበሮ መቺ ቤዚስት ጊታሪስት ተጠርቶ ስቱዲዮ ይሞላ ነበር፣ አሁን አንድ ልጅ በኪቦርድ ይጨርሰዋል። ለቤዚስቶቹ ክፉ ጊዜ ነበር፣ እኔ ግን እውነቱን ልንገርህ ያንን ደረቅ፣ የሰው ጣት ያልነካው የሚመስል ቤዝ ነው የምወደው፣ በሚኒባስ ስፒከር ደሞ ወንበሩ ስር ሆኖ ሲመታህ።

ከሰማሃቸው አምስቱ አንዱ ቴነር ሶው ወይ ጆኒ ኦዝበርን ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም እሱ ላይ ዘፍነዋል። ሹፌሩን ደሞ ፕሮዲዩሰሩ ኪንግ ተቢ በዛው 1985 የሰራው "ቴምፖ" የሚባል ሪዲም አለህ ወይ በለው፣ አንቶኒ ሬድ ሮዝ የዘፈነበትን። አለኝ ካለህ ታርጋውን ላክልኝ፣ እኔም ጣፎ ዘመድ አላጣም።