ከፊዚክስ መምህርነት ወደ ትምህርት ምርምር

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 6 ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። ተማሪዎቼ ቀመሩን ይሸመድዳሉ፣ ሐሳቡ ግን አይገባቸውም። ይህን ማጥናት እፈልጋለሁ። ሁለተኛ ዲግሪዬን በፊዚክስ ልያዝ ወይስ በትምህርት? ሥራዬንስ ልልቀቅ?

መልስ፦ መምህርት፣ ሥራዎን አይልቀቁ። ሌላው ተመራማሪ በደብዳቤና በደጅ ጥናት የሚያገኘው ክፍል በእጅዎ ነው።

በፊዚክስ ከገቡ የመመረቂያ ጽሑፍዎ ስለ ሌዘር ወይም ስለ ሴሚኮንዳክተር ይሆንና ጥያቄዎ ሜዳ ላይ ይቀራል። ለእርስዎ የሚሻለው የሳይንስ ትምህርት ነው፤ ካልተገኘ ሥርዓተ ትምህርት ወይም የትምህርት ምዘና። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ሆነ 180 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ባሕር ዳር፣ ከማመልከትዎ በፊት ቤተ መጻሕፍቱ ገብተው የቅርብ ዓመታት የመመረቂያ ጽሑፎችን ያገላብጡ። ሁሉም የመምህራንን አመለካከት በመጠይቅ የሚጠይቁ ከሆኑ፣ ክፍል ውስጥ የሚሆነውን አብሮዎት የሚያጠና አማካሪ ማግኘት ይከብዳል።

እስከዚያው አንድ ትንሽ ጥናት ይሥሩ። ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ የሚያዘጋጁት ተግባራዊ ምርምር ብዙ ጊዜ ለፋይል ማሟያ ይሆናል፤ የእርስዎ ግን እውነተኛ መለማመጃ ይሁን። ርዕሱን ያጥብቡት። «የፊዚክስ ውጤት ለምን ዝቅ አለ» የሚለው አይጠናም፤ «የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ፎርስ ምን ያስባሉ» የሚለው ይጠናል። ፎርስን፣ ፓወርን፣ ኢነርጂን በዕለት ንግግራችን ሁሉንም «ኃይል» ስለምንላቸው፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሰጥ ልጁ የተሳሳተው በፊዚክሱ ይሁን በቋንቋው መለየት ራሱ ጥሩ የምርምር ጥያቄ ነው።

20 የምርጫ ጥያቄ ያዘጋጁ፤ በሌላ ሴክሽን አስቀድመው ይሞክሩት። ሁሉም የመለሰውን ወይም ማንም ያልመለሰውን ያውጡ። ወደ ላይ ተወርውሮ ጫፍ የደረሰ ድንጋይ ላይ ምን ፎርስ አለ ብለው ሲጠይቁ፣ ብዙዎቹ በመሬት ስበት ፈንታ «የወርዋሪው እጅ» የሚለውን ከመረጡ ሊጠና የሚገባው ያ መልስ ነው። 5 ወይም 6 ልጆች ለብቻ ጠርተው ለምን እንደመረጡት በአማርኛ ያስረዱዎት፤ ልጆቹ ከፈቀዱ በስልክ ይቅዱት።

አንዱን ሴክሽን በአዲስ የማስተማሪያ ዘዴ፣ ሌላውን በተለመደው ሲያስተምሩ፣ ከማስተማርዎ በፊትና በኋላ ለሁለቱም ያንኑ ፈተና ይስጡ፤ የመጀመሪያውን መልስ አይንገሯቸው፣ ወረቀቱንም ይሰብስቡ። ሁለቱንም የወሰዱትን ብቻ ይቁጠሩ። ውጤት ሲያነጻጽሩ ከኋለኛው ውጤት የፊተኛውን መቀነስ ብቻ ያሳስታል። የአንዱ ሴክሽን አማካይ ከመቶ ተይዞ ከ40 ወደ 58 ቢደርስ 18 ጨምሯል፤ ሌላው ከ60 ወደ 76 ቢደርስ 16። ሆኖም የመጀመሪያው ሊያገኝ ይችል ከነበረው 60 ነጥብ 18ቱን (0.30)፣ ሁለተኛው ከ40ው 16ቱን (0.40) ነው ያገኘው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ምሁር ሪቻርድ ሄክ እ.ኤ.አ. በ1998 ከ6,000 በላይ የፊዚክስ ተማሪዎችን ውጤት ያነጻጸረው በዚህ ስሌት ነው።

ብዙ ጥናት የሚበላሸው አዲሱን ዘዴ ለሚሞክሩበት ሴክሽን የማካካሻ ክፍለ ጊዜ በመጨመር ነው። ያኔ ለውጡ የዘዴው ይሁን የሰዓቱ አይታወቅም። ሁለት ሴክሽን ብቻ ይዞ «ዘዴው ለኢትዮጵያ ይሠራል» ማለትም አይቻልም፤ በእርስዎ ክፍል የታየውን ብቻ ይጻፉ። ለትንተና ጃሞቪ የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል።

ፈቃድ ግን መረጃ ከመሰብሰብዎ በፊት ይያዝ፦ የርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ፣ ተማሪዎቹ ከ18 ዓመት በታች ስለሆኑ የወላጅ ፊርማ፣ ለማሳተም ካሰቡ ደግሞ በዩኒቨርሲቲ የሚያማክርዎ መምህር በኩል የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማጽደቂያ። ኮሚቴ ወደ ኋላ ተመልሶ አያጸድቅም፤ ጥሩ ጥናት በዚህ ምክንያት ብቻ መሳቢያ ውስጥ ሲቀር ያሳዝናል። ገንዘብ ተቀብሎ በሳምንት አትማለሁ ለሚል መጽሔትም አይላኩ።

ለማመልከቻው የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን መውሰድና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከተመረቁበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ማስላክ ይኖርብዎታል፤ ይህ ስለሚዘገይ ዛሬውኑ ይጀምሩት። የክረምት መርሐ ግብር ካለ ሳይለቁ ለመማር ያመቻል፤ ከክፍልዎ መረጃ መሰብሰብም አይቋረጥም። ትምህርት ቢሮው ከላከዎት ግን ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ስንት ዓመት ተመልሰው የማገልገል ግዴታ እንዳለብዎት ያንብቡ።