ለፍኖተ ሰላሙ ልጅ፦ ጮቄን በእርሳስ ተሻገር

ትናንት አንድ የፍኖተ ሰላም ልጅ እዚህ ጥያቄ ጥሎ ነበር። ውጭ አገር የንግድ አብራሪነት እየተማረ ነው። ሌሎቹን የጽሑፍ ፈተናዎች አልፏል። ናቪጌሽንና የበረራ ዕቅድ ቀርተውታል። «አንድ ወር አለኝ፤ የትኛውን የጥያቄ ባንክ ልግዛ?» ይላል፤ የፈተና ጥያቄዎች ከነመልሳቸው የተሰበሰቡበትን ማለቱ ነው። ከሥሩ የተደረደረው መልስ በሙሉ የአፕ ስም ነው።

ወንድሜ፣ እኔ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ። የዳንግላ ልጅ ነኝ። የተማርሁት የአባቴ የዲከረንስ ዛፍ ተሸጦ ነው። የፈተና ክፍያ ሲደገም ቤት ውስጥ ምን እንደሚወራ አውቃለሁ። ያንተም ቤት ከዚህ የተለየ አይመስለኝም።

ባንኩን ከፈለግህ የመጨረሻው ሳምንት ላይ ግዛው። እጅህን ለማፍጠን ይጠቅማል። ናቪጌሽንን ከባንክ ብቻ የተማረ ሰው ግን ቁጥሩ ሲቀየርበት መድረሻው ይጠፋዋል። አብረውኝ ከተማሩት ውስጥ መልሱን በፊደሉ የሸመደዱ ነበሩ። ነፋሱ ከግራ ወደ ቀኝ ሲዞርባቸው ያንኑ የሸመደዱትን ፊደል አጥቁረው ወጡ። ጎበዝ ልጆች ነበሩ፤ የሚመክራቸው ሰው ነው ያጡት።

አንደኛ። ካርታ፣ ፕሮትራክተር፣ እርሳስና ክቡን ፍላይት ኮምፒውተር (በእጅ እየዞረ የሚያሰላውን ክብ ማስመሪያ) ያዝ። መጽሐፉ ላይ ያለውን የአውሮፓ መስመር ለጊዜው ተወው። ከቦሌ ባሕር ዳር ቀጥታ አስምር። አገርህ ስለሆነ ብቻ አይደለም የምልህ። ይህ መስመር በፈተናው ውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል በአንድ ወረቀት ላይ ያመጣልሃል። ርዝመቱ 180 ኖቲካል ማይል ገደማ ይሆናል። አቅጣጫው ከእውነተኛው ሰሜን 331 ዲግሪ አካባቢ ነው። በኛ አገር ቫርዬሽኑ (በእውነተኛውና በማግኔቱ ሰሜን መካከል ያለው ልዩነት) ወደ ምሥራቅ 3 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ የማግኔቱ 328 ይመጣል። ምሥራቅ ሲሆን ትቀንሳለህ። ትራክህ (በመሬት ላይ የምትከተለው አቅጣጫ) ከ180 እስከ 359 ባለው ግማሽ ውስጥ ነውና ከፍታህ በሺህ ጫማ ሲቆጠር ተጋማሽ ቁጥር ይሆናል፤ ፍላይት ሌቭል 160 (16,000 ጫማ ማለት ነው)፣ 180፣ 200 እያለ ይሄዳል።

አሁን መስመሩ በምን ላይ እንደሚያልፍ እይ። ዓባይን በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ይሻገራል። ከዚያ ሽቅብ ወጥቶ ጮቄ ላይ ያርፋል፤ ከአናቱ አጠገብ። ጮቄ 4100 ሜትር ገደማ ነው። በጫማ 13,450። በተራራማ አገር ከከፍተኛው ነጥብ በላይ 2000 ጫማ ትጨምራለህ። 15,450 መጣ። ስለዚህ የመጀመሪያው የሚያስኬድህ ፍላይት ሌቭል 160 ነው። ትርፍህ 550 ጫማ ብቻ ነው። የባሕር ወለል ግፊቱ ከመደበኛው 1013 በታች ከወረደ በየሄክቶፓስካሉ 30 ጫማ ገደማ ከዚያ ትርፍ ላይ ይበላብሃል። በኛ አገር ብዙ አይወርድም። ፈታኙ ግን ያወርደዋል፤ ወዶ ነው የሚያወርደው። 990 ቢሰጥህ 160 አይበቃህም፣ 180 ትወጣለህ። ይህችን አንዲት ስሌት በእጁ የሠራ ሰው የከፍታ ጥያቄ አያስፈራውም።

ሁለተኛ፣ ነፋስ። ጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ዘጌ መድረስ ሲፈልግ አፍንጫውን ነፋሱ ወደሚመጣበት አዘንብሎ ነው የሚቀዝፈው። ሄዲንግ (አፍንጫህ የሚያይበት) እና ትራክ (በእውነት የምትሄድበት) ይኸው ነው። የሄዲንግ፣ የነፋስና የትራክ ሦስት ማዕዘን የሆነውን ትሪያንግል ሁልጊዜ በወረቀት ሣለው፤ ክቡን ኮምፒውተር ከዚያ በኋላ አዙረው። ሥዕሉን ያየ ዓይን ሄዲንጉ በተሳሳተ ጎን ሲወጣ ወዲያው ይይዘዋል።

የ1 በ60 ሕግ (በ60 ማይል 1 ማይል መሳት 1 ዲግሪ ነው የሚለው) ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ አለ። ከቦሌ ተነሥተህ 60 ማይል ላይ ከመስመሩ 4 ማይል ወደ ግራ ወጥተሃል እንበል። 4 ዲግሪ ስተሃል ማለት ነው። የቀረህ 120 ማይል ነው፤ መዝጊያው 2 ዲግሪ። ጠቅላላ 6 ዲግሪ ወደ ቀኝ ታጥፋለህ። 4ቱን ብቻ ያረመ ሰው ከመስመሩ ጎን ለጎን እየሄደ ባሕር ዳርን በስተቀኙ ትቶ ያልፋል። ጣና ላይ ይደርሳል፤ መንደርደሪያው ላይ አይደርስም።

ኮንቨርጀንሲ የሚባለውን (የሰሜን መስመሮች ወደ ዋልታ ሲሄዱ እርስ በርስ መቀራረባቸውን) ግን በዚህ መስመር አትለማመደው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ ከቦሌ ባሕር ዳር ሩብ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የሚወጣው። ለእሱ ካናዳን ውሰድ።

ሦስተኛ፣ የእኩል ሰዓት ነጥብ፤ ወደፊት መቀጠልም ወደ ኋላ መመለስም እኩል ሰዓት የሚወስድበት ቦታ። እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። የምኮራበት ስለሆነ።

ቀመሩን ታውቀዋለህ። ርቀቱን በመመለሻ ፍጥነት ታበዛለህ፣ ለመሄጃና ለመመለሻ ፍጥነት ድምር ታካፍላለህ። አንድ ሞተር ቢጠፋ በቀሪው 200 ኖት (ኖቲካል ማይል በሰዓት) ትሄዳለህ እንበል። ከፊት 30 ኖት ነፋስ አለ። መሄጃው 170፣ መመለሻው 230 ነው። 180 ሲባዛ በ230፣ ሲካፈል ለ400፤ 103.5 ማይል። ባንኩ እዚህ ላይ ያቆማል። መልሱ «ሐ» ነው፣ ቀጣዩ ጥያቄ ይላል።

በኔ የቃል ፈተና ላይ ፈታኙ ይህንኑ ጠየቀኝ። መስመሩን የመረጥሁት እኔ ነበርሁ። ቁጥሩን ነገርሁት። ቀጠልሁና ጮቄ ያለው 118 ማይል አካባቢ ላይ ነው አልሁት። ሞተሩ 110 ማይል ላይ ቢጠፋ ሰዓቱ «ወደ ባሕር ዳር ቀጥል» ይላል። ተራራው ግን ገና ከፊቴ ነው። አውሮፕላኑ በአንድ ሞተር ከፍታውን መያዝ አቅቶት እየወረደ ነው። ቀስ እያለ ሲወርድ መሬቱን በ2000 ጫማ ካላለፈ ሰዓቱ የሚለውን መስማት አልችልም፤ ወይ ወደ ኋላ እመለሳለሁ፣ ወይ ቀድሜ ባሰላሁት የማምለጫ መስመር ወደ ዝቅተኛው መሬት እታጠፋለሁ። ፈታኙ እስክርቢቶውን አስቀመጠ። ጮቄ የት እንደሆነ በካርታው ላይ እንዳሳየው ጠየቀኝ። የጎጃም ተራራ በዚያ ቢሮ ውስጥ በጣት ሲነካ ማየት ለኔ ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ ነገር ጥቂት ነው።

ይህን የምነግርህ ለጉራ ብቻ አይደለም። ኮክፒት ውስጥ ስትገባ ስክሪኑ ላይ መንገድህን የሚያሳየው ሐምራዊ መስመር ሁሉን ነገር ያደርግልሃል፤ ከሥሩ ምን እንዳለ ግን አንተ ካልጠየቅኸው አይነግርህም። በታኅሣሥ 1995 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ ውስጥ ወደ ካሊ ይወርድ የነበረ ቦይንግ 757 ተራራ ላይ ወድቆ 159 ሰው ሞቷል። አብራሪዎቹ የፈለጉት ሮሶ የሚባለውን የሬዲዮ ምልክት ነበር። «አር» ብለው ሲያስገቡ ኮምፒውተሩ ቦጎታ አጠገብ ያለውን ሮሜዮን ሰጣቸው። አውሮፕላኑም ታዛዥ ነውና ወደዚያው ታጠፈ። ያ ሁሉ የሆነው በሌሊት፣ በሸለቆ ውስጥ፣ በጥድፊያ ነው። ሄዲንጉን አስቀድሞ በእጁ የጻፈ ሰው አፍንጫው ሲዞር «ይህ የኔ ቁጥር አይደለም» ለማለት ቢያንስ ዕድል አለው።

አራተኛ ነዳጅ ነው፤ ፈጠን ልበል። የታክሲ (በመሬት ላይ መንቀሳቀሻ)፣ የጉዞ፣ የመጠባበቂያ 5 በመቶ፣ የተለዋጭ ማረፊያ፣ የመጨረሻ ሪዘርቭ። ለተርባይን 30 ደቂቃ በ1500 ጫማ ላይ፣ ለፒስተን 45 ደቂቃ። ቅደም ተከተሉን አትቀያይር። መለኪያውን ደግሞ በየመስመሩ ጻፍ። በ1983 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ አንድ ቦይንግ 767 ነዳጁ አየር ላይ ያለቀበት ሊትሩን በ0.8 ማባዛት ሲገባ በ1.77 ስለተባዛ ነው። 1.77 ፓውንድ ነው፤ የሚፈለገው ኪሎ ነበር። አብራሪዎቹ እንደ ግላይደር አንሳፍፈው አሳረፉት፤ የሞተ የለም።

የባሕር ዳርን ሙቀትም አትርሳ። የደጃዝማች በላይ ዘለቀ ማረፊያ ከፍታው ወደ 6000 ጫማ ነው። በዚያ ከፍታ መደበኛው ሙቀት 3 ዲግሪ ነው። መጋቢት ከሰዓት በኋላ 28 ዲግሪ ቢሆን 25 ዲግሪ ትርፍ አለ። በ120 ጫማ አባዛው፤ 3000 ጫማ። አውሮፕላንህ 9000 ጫማ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚነሣው። የፍጥነት መለኪያው 100 ኖት ሲያሳይህ በእውነት ወደ 115 እየሮጥህ ነው። መንደርደሪያውን ቶሎ የሚበላብህ ይህ ነው። በባሕር ዳር ስለ ወፍ የሚወጣ ማሳሰቢያም ካለ ሳታነብ አትነሣ። በመስከረም 1988 እ.ኤ.አ. ከዚያ የተነሣ ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገብቶበት 35 ሰው ሞቷል። የዕድሜ ታላቆቻችን ዛሬም ያነሡታል።

አምስተኛ ብዬ የምጽፈው ማንም ያልነገረኝን ነው። ያቃጠለኝም እሱ ነው።

የሠራኸውን ወረቀት አትጣል። አንድም ገጽ አትጣል።

ለንግድ አብራሪነት ፈቃድ ከሚጠየቁት አንዱ 540 ኪሎ ሜትር ወይም 300 ኖቲካል ማይል የሚሞላ አገር አቋራጭ በረራ ነው። በአዛዥነት ትበራለህ፤ በሁለት የተለያዩ ማረፊያዎች አርፈህ ሙሉ በሙሉ ትቆማለህ። እኔ ይህን በረራ በደንብ በርሬዋለሁ። የተማርሁበት የውጭ ትምህርት ቤት ግን መዝገቡን ከኮምፒውተር ሲያወጣ የጻፈው መነሻውንና መድረሻውን ብቻ ነው። የተነሣሁት ከዚያው፣ የተመለስሁትም እዚያው። ወረቀቱን ያየ ሰው የትም እንዳልሄድሁ ነው የሚያነበው።

አገር ቤት ገብቼ ፈቃዴን ላስቀይር ስል «ሁለቱ ማረፊያዎች የታሉ?» ተባልሁ። ጥያቄው ልክ ነው። ለትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ጻፍሁ። «የኛ ፋይል የተሟላ ነው» የሚል አንድ መስመር መለሱ። እንደገና ጻፍሁ። ለደብዳቤው ክፈል አሉኝ። ከፈልሁ። ከዚያ ዝም። ስደውል አንዲት ሴት ስሜን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝና ስልኩን ዘጋችው። ያን ሁሉ ገንዘብ የተቀበሉ ሰዎች ናቸው። አባቴ በየሳምንቱ እየደወለ «ልጄ፣ መቼ ነው የምትበረው?» ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስለት? ፋይሉ ውስጥ አንድ የማረፊያ ስም ስለጎደለ ልበለው?

ያወጣኝ ወረቀቴ ነው። የዚያን ቀን የሠራሁት የበረራ ዕቅድ በፕላስቲክ ውስጥ ነበር። በየምልክቱ ላይ የደረስሁበት ሰዓት በእርሳስ ተጽፎበታል። በሁለቱም ማረፊያዎች ታወር ገብቼ ማኅተም አስመትቼበት ነበር። ጓደኞቼ ማኅተም ለማስመታት ስሮጥ ሲስቁብኝ ትዝ ይለኛል። ያንን ወረቀት ከነዳጅ ደረሰኞቹ ጋር አስገባሁ። ጉዳዩ ተንቀሳቀሰ። ያባከንሁትን ወራት የሚመልስልኝ ግን የለም። ከኔ ጋር የጨረሰ አንድ ልጅ ወረቀቱን ጥሎ ስለነበር ያንን በረራ በራሱ ገንዘብ ደግሞ በረረው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምረህ ሎግ ቡክህን (የበረራ መዝገብህን) ክፈት። እያንዳንዱ አገር አቋራጭ መስመር ላይ ያረፍህባቸው ማረፊያዎች በስማቸው መጻፋቸውን እይ። የጎደለ ካለ አስተማሪህ አጠገብህ እያለ አስሞላና አስፈርመው። የማታ በረራህንም እንዲሁ፤ በአዛዥነት 5 መነሣትና 5 ማረፍ ለየብቻ መታየት አለባቸው። ከዋና አስተማሪው የተፈረመና የታሸገ ደብዳቤ ጠይቅ። ይህን ሁሉ የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈልህ በፊት አድርገው። ከከፈልህ በኋላ ስልክ የሚያነሣልህ የለም።

የቦሌ ባሕር ዳሩን ዕቅድ ስትጨርስ ፎቶ አንሥተህ እዚሁ ለጥፈው። ነፋሱን ከ300 ዲግሪ በ30 ኖት አድርገው፣ የአየር ፍጥነቱን 270። ከበረራ ስመለስ አርሜ እልክልሃለሁ።