ስእለትን ለመፈጸም ዕድሜን ደብቆ ደም መለገስ ይገባልን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ሲሆን የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አምና አክስቴ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ፈስሷት ለሞት ተቃርባ ነበር፤ የተረፈችው ማን እንደለገሰው በማናውቀው ደም ነው። ያን ዕለት «አክስቴን አትርፊልኝ እንጂ እኔም ደሜን እሰጣለሁ» ብዬ ለእመቤታችን ተሳልኩ። 18 ዓመት የሚሞላኝ ግን ገና በመጪው ግንቦት ልደታ ነው። ደም ሰብሳቢዎች ወደ ትምህርት ቤታችን ሲመጡ ጓደኞቼ «18 ነኝ በያቸው፣ ማን ያጣራል» ይሉኛል፤ አሜሪካ ያለችው የአጎቴ ልጅም በ16 ዓመቷ ለግሳለች። ስእለት ማዘግየት ኃጢአት ነው ሲባል ሰምቼ ተጨንቄአለሁ። ደግሞስ ጾምና ቁርባን ከዚህ ጋር እንዴት ይሆናሉ?

መልስ፦ ልጄ፣ አክስትሽን ያተረፈ እግዚአብሔር ይመስገን። መጽሐፈ መክብብ (5፥4) ስእለትን መፈጸም አታዘግይ ማለቱ እውነት ነው። ነገር ግን ስእለት በሐሰት አይከፈልም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 ሐናንያና ሰጲራ መሬታቸውን ሸጠው ገንዘብ ይዘው መጡ፤ ቅዱስ ጴጥሮስ የወቀሳቸው ስጦታው ስላነሰ አልነበረም፣ ሳይሸጥም ከተሸጠም በኋላ የራሳቸው እንደነበረ ነግሮአቸዋልና። የጠፉት ከስጦታው ጋር ሐሰት ስላቀረቡ ነው። አንቺም ዕድሜሽን ለውጠሽ ብትሰጪ የምታቀርቢው ይህንኑ ዓይነት መባ ይሆናል።

እንዲያውም ደም ከገንዘብ ይልቅ እውነትን ይፈልጋል። ከመለገስሽ በፊት ባለሙያው ስለ ዕድሜሽ፣ ስለ ሕመምሽ፣ ስለምትወስጂው መድኃኒት፣ በቅርቡ ንቅሳት ተነቅሰሽ እንደሆነ ይጠይቅሻል። በአገራችን ግንባር ላይ መስቀል መነቀስ የተለመደ ስለሆነ ይህን ልብ በይ፤ የዓለም ጤና ድርጅት አዲስ የተነቀሰ ሰው 6 ወር እንዲቆይ ይመክራል። የተለገሰው ደም ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት ቫይረሶችና ለቂጥኝ ይመረመራል፤ ሆኖም ምርመራው የሰጪውን ቃል አይተካም፤ ለጋሹን ገና በቅርቡ የያዘው በሽታ በምርመራ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላልና። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የምትመልሺው መልስ ከደሙ ጋር አብሮ ወደ ሌላ ሰው ሰውነት የሚገባ ነው።

የ18 ዓመት ገደብም ያለ ምክንያት አልተደነገገም። በኢትዮጵያ ደም የሚለግሰው ከ18 እስከ 65 ዓመት ያለ፣ ክብደቱም ቢያንስ 45 ኪሎ የሆነ ጤነኛ ሰው ነው። 45 ኪሎ የምትመዝን ልጃገረድ በሰውነቷ ያለው ደም 3 ሊትር ያህል ሲሆን፣ የመለገሻው ከረጢት ደግሞ እንደ ዓይነቱ 350 ወይም 450 ሚሊ ሊትር ይይዛል። በዕድሜ ያነሱ ለጋሾች ራስን መሳት ይበዛባቸዋል፤ በተለይ ወር አበባ የሚያዩ ልጃገረዶች በደማቸው ያለው ብረት አስቀድሞ ያነሰ ሊሆን ይችላል። የአጎትሽ ልጅ አልዋሸችም፤ በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች የ16 ዓመት ልጅ በወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ይለግሳል፣ ያም ሆኖ ለታዳጊዎች ቁመትና ክብደት ተጨማሪ መመዘኛ አለ። እርስዋ ያደረገችው የአገርዋን ሕግ ጠብቃ ነው፤ አንቺም የአገርሽን ጠብቂ።

ስለ ወላጆችሽ አንድም ቃል አለመጻፍሽን አይቻለሁ። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 30 በአባቷ ቤት ያለች ልጃገረድ የተሳለችው ስእለት አባቷ ሰምቶ ዝም ካለ ይጸናል፣ በሰማበት ቀን ከከለከላት ግን አይጸናም፣ እግዚአብሔርም ይቅር ይላታል ይላል። ስለዚህ ዛሬውኑ ለእናትና ለአባትሽ ንገሪ፤ ለንስሐ አባትሽም እንዲሁ። ስእለትሽን ቀን ቆርጠው የሚያጸኑልሽ እነርሱ ናቸው፤ እስከ ልደታ መቆየትሽም ማዘግየት አይባልም፣ ጊዜው ገና አልደረሰምና።

ወደ ጾሙ ልምጣ። ጾመሽ በባዶ ሆድ አትለግሺ። እኔ ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሁዳዴ ማብቂያ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጾምሁ ሰው፣ ሳልቀምስ ሄጄ ነበር። ነርሷ የደም ግፊቴን ለክታ፣ የክንዴን ማሰሪያ በዝምታ ፈታችና «አባ፣ ከፋሲካ በኋላ ይምጡ» ብላ መለሰችኝ፤ መንፈሳዊ የመሰለኝ ነገር ጥንቃቄ ማጣት መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ። ምስርና ጎመን የሚበላ ጿሚ ከእነርሱ ብረት ያገኛል፤ ብቻ ቡናውን ከምግቡ ጋር አታድርጊው፣ ቡናና ሻይ ሰውነት ብረቱን እንዳይወስድ ይከለክላሉና። እኛ ወሎዬዎች ይህ እንደሚከብደን አውቃለሁ።

ስለ ቁርባን፣ ለመቁረብ 18 ሰዓት የሚጾም ሰው በዚያው ቀን ደም ሊሰጥ አይገባውም፤ ቁስሉ ደም የሚያወጣበት ሰውም እስኪደርቅለት ከመቁረብ ይታገሣል። ስለዚህ ሁለቱን በቀናት አራርቂያቸው፣ ቀኑንም ለንስሐ አባትሽ አሳውቂ። ሐዋርያት «ከደም ራቁ» ያሉት ስለ መብላት ነው፤ ለታመመ መስጠትን አልከለከሉም። ለማን እንደሚደርስም አትጠይቂ፤ በአክስትሽ ሥር የገባው ደም የሙስሊም ጎረቤት ይሁን የክርስቲያን ማን ያውቃል?

ደግሞ መልካም ነገር ልንገርሽ። ፋሲካ ከመጋቢት 26 አይቀድም፣ ከሚያዝያ 30ም አያልፍም፤ ስለዚህ ግንቦት ልደታ ምንጊዜም በበዓለ ኀምሳ ውስጥ ይውላል፣ በዚያ ጊዜም ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ከልደታ በኋላ ባለው ሳምንት መታወቂያሽን ይዘሽ፣ ቁርስ በልተሽ፣ ውኃ ደጋግመሽ ጠጥተሽ ከእናትሽ ጋር ሂጂ። ከዚያ በኋላ ቢያንስ ለ3 ወር አትድገሚ፤ በማግስቱም ተራራ የሚወጣ ጉዞ አይኑርሽ።