ጥቁር አፈር ላይ የቆመ አፓርታማ ልከራይ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለቡ አካባቢ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ላይ ግራውንድ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ቤት አግኝቻለሁ። ኪራዩ ከአካባቢው ዋጋ ይቀንሳል። ሳሎኑ ውስጥ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ላይ የሄደ ስንጥቅ አለ። ደላላው «የልስን ነው፣ አዲስ ቤት ሁሉ እንዲህ ነው» ይላል። አንዲት የግቢው ነዋሪ ደግሞ መሬቱ ጥቁር አፈር እንደሆነና ወለሉም እንደሚያብጥ ነገረችኝ። ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ስንጥቅ ስላለ ብቻ ቤቱን አይተዉ፤ መተው ያለብዎ ስንጥቁ እየሰፋ ከሆነ ነው። ስለዚህ የተሰነጠቀው የትኛው የሕንፃው ክፍል እንደሆነና ስንጥቁ ያረጀ ወይም አሁንም የሚንቀሳቀስ መሆኑን ሳያውቁ አይፈርሙ።

ከአዲስ አበባ ደቡብና ምሥራቅ ሰፊው ክፍል፣ ቦሌና አቃቂ ቃሊቲ ጭምር፣ ገበሬው መረሬ ወይም ዋልካ በሚለው ጥቁር አፈር የተሸፈነ ነው። ይህ አፈር ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይኮማተራል። ግንቦት ላይ ባዶ ሜዳው እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው ለዚህ ነው። እንቅስቃሴው የሚበረታው ከላይ ባለው ሁለት ሦስት ሜትር ውስጥ ነው፤ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር እርጥበቱ ብዙም ስለማይለዋወጥ አፈሩም ይረጋል።

ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ የሚቆመው በኮለን (ቋሚ ምሰሶ) እና በቢም (ኮለኖቹን የሚያያይዝ አግዳሚ) ነው። መሠረቱ ጥቁሩን አፈር አልፎ ዓለት ወይም ጠንካራ መሬት ላይ ካረፈ ኮለኖቹ አይነቃነቁም። የግራውንዱ ወለል ግን ብዙ ጊዜ ከኮለኑ ጋር ሳይያያዝ በቀጥታ ሙሌት ላይ የተፈሰሰ ኮንክሪት ነው። ሙሌቱ በደንብ ካልተጠቀጠቀ ወለሉ ይሰጥማል፤ ከሥሩ ጥቁር አፈር ከቀረ ደግሞ ወደ ላይ ይገፋል። አንድ ፎቅ በግምት በካሬ ሜትር አንድ ቶን ያህል ጭነት ወደ መሠረቱ ያወርዳል። የግራውንዱ ወለል ላይ ግን ከራሱ ውፍረትና ከቤት ዕቃ ሌላ የሚጫነው ስለሌለ አፈሩ በቀላሉ ያነሣዋል። አጥር፣ የጥበቃ ቤት፣ የውጭ ደረጃና የግቢ ንጣፍ ከሕንፃው ቀድመው የሚሰነጠቁትም ቀላል ስለሆኑ ነው። የዚያች ነዋሪ ወሬ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ያም ሆኖ ሕንፃው ራሱ ደኅና ሊሆን ይችላል።

ቤቱን ሲያዩ በቀን ይሂዱ። የኤቲኤም ካርድ፣ ማስመሪያ፣ የእጅ ባትሪ፣ ሦስት ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ጣውላና ውኃ ልክ ይያዙ። የካርዱ ውፍረት ከ1 ሚሊ ሜትር ትንሽ ያነሰ ነው፤ ስንጥቁ ውስጥ ካልገባ አብዛኛውን ጊዜ የልስን ወይም የቀለም ጉዳይ ነው። ካርዱ ገብቶ ስፋቱ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ስንጥቁ ይጠገናል፣ ግን መንሥኤው መታወቅ አለበት። ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ሲደርስ በርና መስኮት መንከስ ይጀምራሉ፣ ቧንቧም ሊሰበር ይችላል፤ እንዲህ ያለ ቤት መሐንዲስ ሳያየው አይከራዩ። ከ15 በላይ ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ አይግቡ።

ስፋቱን ብቻ ሳይሆን ቦታውንም ይመልከቱ። ብሎኬቱ ከቢሙ ወይም ከኮለኑ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ቀጥ ብሎ የሄደ ቀጭን ስንጥቅ የሁለት ዕቃዎች መጋጠሚያ ነው፤ ብዙ አያስጨንቅም። ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን በሰያፍ የሚሄድና አንዱ ጫፉ ከሌላው የሰፋ ስንጥቅ ግን የግድግዳው አንድ ወገን ወርዷል ወይም ተነሥቷል ማለት ነው። የእርስዎ ስንጥቅ ከዚህኛው ዓይነት ስለሚመስል «የልስን ነው» የሚለውን ሳይለኩ አይቀበሉ። ስንጥቁ ኮለን ወይም ቢም ላይ ከሆነ ግን ምርመራዎን እዚያው ያቁሙና ቤቱን ይተዉት።

ከዚያ ጣውላውን ወለሉ ላይ ዘርግተው ውኃ ልኩን ከላዩ ያድርጉ። በ3 ሜትር ርዝመት ውስጥ 1 ሴንቲ ሜትር ልዩነት በመሬት እንቅስቃሴ የመጣ ከሆነ ግድግዳ መሰንጠቅ የሚጀምርበት ልክ ነው፤ 2 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጉዳቱ ወደ ሕንፃው አጥንት ሊሄድ ይችላል። መታጠቢያ ቤትና በረንዳ ላይ አይለኩ፤ እዚያ ወለሉ ለውኃ መውረጃ ተብሎ ያዘነበለ ነው። በመጨረሻ የመስኮቱን ደፍና የቢሙን ሆድ ይለኩ። ወለሉ ብቻ አዘንብሎ እነዚህ ልክ ከሆኑ የሰጠመው ወይም ያበጠው ወለሉ ነው። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ካዘነበሉ ግን ሕንፃው ራሱ እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ስለሚችል ይተዉት።

ከሌላው ግድግዳ የተለየ አዲስ ቀለም ወይም ትኩስ ጄሶ የተቀባ ሰያፍ መስመር ካዩ በየዓመቱ እየተሸፈነ መሆኑን ይጠርጥሩ። ከላዩ ያለው አንደኛ ፎቅ ነዋሪ በሮቹ ክረምትና በጋ እኩል ይዘጉለት እንደሆነ ይጠይቁ። የላይኛው ፎቅ በር የሚነክስ ከሆነ ችግሩ ከወለል አልፏል።

ጥያቄ፦ አከራዩ «ስንጥቁን አስጠግንልሃለሁ» ይላል፣ ግን በቃል ነው። ውሉ ላይ ምን ላስገባ?

መልስ፦ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ይሆናል፣ ከሁለት ዓመት ላነሰ ጊዜ አይደረግም፣ በ30 ቀን ውስጥም ይመዘገባል፤ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። የሁለት ዓመት ግዴታ ስለሚገቡ መውጫዎን በመጀመሪያው ቀን ያስቀምጡ። ስንጥቆቹን ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሥተው በቦታና በሚሊ ሜትር ዘርዝረው አባሪ ያድርጉ፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ይህ አባሪ ከሌለ ሲወጡ «አንተ ነህ የሰበርኸው» መባል አለ።

ዋናው አንቀጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «በአባሪው ከተመዘገቡት ስንጥቆች አንዱ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከሰፋ፣ ወይም ኮለን ወይም ቢም ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ወይም ሥልጣን ያለው አካል ቤቱ ለመኖሪያ አያገለግልም ካለ፣ ተከራይ ያለ ቅጣት ውሉን ማቋረጥ ይችላል፤ አከራይም ያልተኖረበትን ጊዜ ኪራይ በ15 ቀን ውስጥ ይመልሳል።» ከመሬት እንቅስቃሴ የሚመጣ የቧንቧ፣ የወለልና የግድግዳ ጥገና የአከራዩ መሆኑንም ይጻፉ። የአፈር ምርመራውን ሪፖርትና የሕንፃውን የመጠቀሚያ ፈቃድ (ሕንፃው ለአገልግሎት ብቁ ነው የሚል ማረጋገጫ) ቅጂ ይጠይቁ። የመጠቀሚያ ፈቃድ የሌለው ከፍ ያለ ሕንፃ ጥቁር አፈር ላይ ከሆነ ሌላ ቤት መፈለግ ይሻላል እንላለን።

ጥያቄ፦ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ተከራይቼ መኖር ከጀመርኩ ቆየሁ። ከክረምት በኋላ የወጥ ቤቱ ሴራሚክ ተነሣ፣ የመኝታ ቤቱ በር መዝጋት አስቸገረ። አከራዬ ውጭ አገር ናት፤ «እስቲ ጠብቂ» ትለኛለች። እየጠበቅሁ ምን ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ መጠበቁ ጥፋት አይደለም፣ ግን እየለኩ ይጠብቁ። ስንጥቅ ካለ ሁለቱን ጫፎቹን በእርሳስ ምልክት አድርገው ቀን ይጻፉባቸው። ስንጥቁ በሰፋበት ቦታ በግራና በቀኝ አንዳንድ ትንሽ ሚስማር መትተው በመካከላቸው ያለውን ርቀት በየሁለት ሳምንቱ ይለኩ፤ ካሊፐር ቢገኝ ከማስመሪያ ይሻላል። ወይም ልስኑን ፍቀው 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና ግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጄሶ በስንጥቁ ላይ አቋርጠው ይለጥፉ፤ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ጄሶው ይሰነጠቃል። በየልኬቱ ጎን ዝናብ መኖሩንና በሩ መንከሱን ይመዝግቡ። በበጋ እየጠበበ በክረምት እየሰፋ (ወይም በተቃራኒው) የሚመላለስ ከሆነ አፈሩ ነው የሚተነፍሰው። ወቅት ሳይለይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሰፋ ከሆነ ግን መስጠም ወይም የማያቋርጥ የውኃ ፍሳሽ ስላለ መሐንዲስ መጠራት አለበት።

አሁን ዋናው ሥራ ውኃ ነው። ጥቁር አፈር የሚጎዳው እርጥበቱ በአንድ ወገን ብቻ ሲለወጥ ነው፤ ከሕንፃው ሥር አንዱ ጥግ ርሶ ሌላው ከደረቀ ቤቱ ይጣመማል። ውኃ በሚመጣበት ቀን ሮቶው ከሞላ በኋላ ቧንቧዎችን ሁሉ ይዝጉ፣ የቆጣሪውን ቁጥር ይጻፉ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ያንብቡ። ቁጥሩ ከተለወጠ ከቆጣሪው ወዲህ የሚፈስ ቧንቧ አለ። ከሮቶው ወደ ቤት የሚገባው መስመር ይፈስ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ወደ ሮቶው የሚገባውን ውኃ ዘግተው የሮቶው ውኃ ሌሊቱን ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ ይለኩ።

ከዚያ ውጭ ወጥተው አሸንዳው ውኃውን የት እንደሚጥል ይመልከቱ። ግድግዳው ሥር የሚጥል ከሆነ በፕላስቲክ ቱቦ ቢያንስ 2 ሜትር ማራቅ ርካሽና ፍቱን ነው። በሕንፃው ዙሪያ ያለው የሲሚንቶ ንጣፍ 1 ሜትር ያህል ስፋት ኖሮት ወደ ውጭ በየሜትሩ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ማዘንበል አለበት፤ ከግድግዳው ተለይቶ ክፍተት ከፈጠረ ዝናቡ በዚያ ቀጥታ ወደ መሠረቱ ይወርዳልና ክፍተቱ ይደፈን። የፍሳሽ ማንሆል ተዘግቶ ከሞላ ከአሸንዳው ይብሳል፣ ምክንያቱም በጋም ቢሆን አያቋርጥም።

ግድግዳ ሥር አበባ አይትከሉ፣ ውኃም አያጠጡ። ትልቅ ባሕር ዛፍ በቅርብ ካለ በበጋ አፈሩን ያደርቀዋል፤ ሆኖም ድንገት አይቆረጥ፤ ዛፉ ይጠጣው የነበረው ውኃ አፈሩ ውስጥ ቀርቶ ወለሉን መልሶ ሊያነሣው ይችላል።

የተነሣውን ሴራሚክ አሁን ማስጠገን ገንዘብ ማባከን ነው። የውኃው መንገድ ከተስተካከለ በኋላ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ዘላቂው ጥገና ወለሉን አንሥቶ ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ ማውጣትና በየ20 ሴንቲ ሜትሩ በሚጠቀጠቅ ሰሌክት (የማያብጥ የተመረጠ የሙሌት አፈር) መሙላት ነው። ይህ የባለቤቷ ወጪ ነው። መሠረት፣ ኮለንና የጋራ ቧንቧ ግን የሕንፃው የጋራ ንብረት ስለሆኑ ባለቤቷ ብቻዋን አትነካቸውም፤ በነዋሪዎች ማኅበር በኩል ይሄዳሉ። ልኬትዎን ለእርሷም ለኮሚቴውም በጽሑፍ ይላኩ።

ጥያቄ፦ ከአፓርታማችን አጠገብ ለቤዝመንት ጥልቅ ጉድጓድ እየተቆፈረ ነው። የግቢው ንጣፍ ላይ ከጉድጓዱ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ ወጣ። ያስፈራል?

መልስ፦ ያስፈራል። ቁፋሮ ከጎኑ ያለውን አፈር ደጋፊ ያሳጣዋል። ሦስት ቤዝመንት ያለው ጉድጓድ 10 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ተጽዕኖውም ቢያንስ የጥልቀቱን ያህል ወደ ጎን ይደርሳል። ከጉድጓዱ ጋር ትይዩ የሚወጣ ስንጥቅ አፈሩ ወደዚያ መንሸራተት መጀመሩን ያሳያል፤ በዝናብ ጊዜ ውኃ ገብቶበት በሰዓታት ውስጥ ሊባባስ ይችላል።

ስንጥቁን ዛሬውኑ ለክተው ፎቶ ያንሡ፤ ነገም በዚያው ሰዓት ይድገሙት። ዝናብ እንዳይገባበት በላስቲክ ይሸፍኑት። ከጉድጓዱ በኩል ባለው ጠርዝ መኪና እንዳይቆም ያድርጉ። በዚያው ቀን ከባለንብረቱ ጋር ለክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቱ፣ የገቢ ማኅተም ያለበትን ቅጂም ያዙ። አጥሩ ማዘንበል ከጀመረ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ በሮች ከነከሱ፣ መስታወት በራሱ ከተሰነጠቀ፣ ከግድግዳው የመሰንጠቅ ድምፅ ከተሰማ ወይም የኮለን ሲሚንቶ ተልጦ ብረቱ ከታየ ደብዳቤ አይጠብቁ። ሲሊንደሩን ዘግተው፣ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍተው፣ ሊፍት ሳይጠቀሙ ይውጡ፤ ከጉድጓዱ በተቃራኒ ወገን ይራቁ። የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ጥሪ ቁጥር 939 ነው።

ጥያቄ፦ ደሴ ላይ በጦሳ ተዳፋት ያለ አፓርታማ ለመከራየት አስቤያለሁ። እዚያም ችግሩ ጥቁር አፈር ነው?

መልስ፦ የደሴ ተዳፋት ችግር ሌላ ነው፤ እዚያ የሚያሰጋው መንሸራተት ነው። ከገደሉ የወረደ ልል አፈርና ድንጋይ በበሰበሰ ዓለት ላይ ተቀምጧል፤ የክረምት ውኃ በመካከላቸው ሲገባ የላይኛው ይንሸራተታል። ስለዚህ ከቤቱ ውስጥ ይልቅ አካባቢውን ይመርምሩ። የመብራት ምሰሶዎችና ዛፎች ወደ ታች ያዘነበሉ እንደሆነ፣ ከሕንፃው ጀርባ ያለው የድንጋይ ግንብ ሆዱን አውጥቶ እንደሆነ፣ ከግንቡ የሚወጡት የውኃ ማስወጫ ቀዳዳዎች ተደፍነው እንደሆነ፣ ደርቆ የነበረ ቦታ ላይ አዲስ ምንጭ ፈልቆ እንደሆነ ይዩ። ከሕንፃው በላይ ባለው መሬት ላይ እንደ ቅስት የታጠፈ ስንጥቅ ወይም ደረጃ የሚመስል መውረድ ካለ አይከራዩ። የተቻለ እንደሆነ ቤቱን ነሐሴ ውስጥ ይዩት፤ በጋ ላይ እነዚህ ምልክቶች ይደበቃሉ።

ጥያቄ፦ በ2017 የአዋሽ ፈንታሌ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ሲሰማ ግድግዳዬ ተሰነጠቀ። አሁንም ስንጥቁ አለ። የመሬቱ ነው የመንቀጥቀጡ?

መልስ፦ መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ በኮለኖች መካከል ባለው ብሎኬት ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ስንጥቅ ይተዋል፣ ወይም የብሎኬቱንና የቢሙን መጋጠሚያ ይከፍታል፤ ከዚያ በኋላ ያለ ሌላ ንዝረት አይሰፋም። ለቦሌ አራብሳዋ ጠያቂ እንደነገርናት በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሚስማር መትተው እስከሚቀጥለው መስከረም ርቀቱን ይለኩ። ርቀቱ ካልተለወጠ መረብ አድርገው በልስን ያስጠግኑት። ከክረምቱ ጋር ከተለወጠ አሸንዳውንና ማንሆሉን ይመልከቱ።